አባዬ በሩን ዘግቶ የሰማው ካሴት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ሳሮን ስልኳን ከስፒከሩ ጋር አገናኝታ አንድ ጊታር ሳሎኑ ውስጥ ድንገት ሲያጓራ፣ የማደርቀው ሰሃን ከእጄ ሊያመልጠኝ ነበር። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ዛሬ የልጅ ልጅ ያዩ ሽማግሌ ፈረንጆች በጉብዝናቸው የተጫወቱትን ሃርድ ሮክ «አዲስ ነገር አገኘሁ» ብላ ለእኔ ልታሰማኝ! «ማሚ፣ ሰምተሽው ታውቂያለሽ?» አለችኝ ደግሞ። መስማት ብቻ? በዚህ ዘፈን የተነሳ ቤታችን እንዴት እንደታመሰ ምኑን አውቃው።

ያኔ የምንኖረው ጉለሌ፣ ከአዲሱ ገበያ ወደ እንጦጦ በሚወጣው ዳገት ላይ ነበር። ጎረቤታችን ጋሽ መኮንን ሬዲዮና ቴፕ ይጠግናሉ። ጠዋት ቁስቋምን ተሳልመው ይመለሱና፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው መደርደሪያ ላይ አስቀምጠው ሱቃቸውን ሲከፍቱ፣ መጀመሪያ የሚሰማው የነዚያ ፀጉረ ረጃጅም ሰዎች ጩኸት ነው። «ስፒከር መዳኑ የሚታወቀው በዚህ ነው፤ ይህን ከቻለ የማይችለው የለም» ይሉናል፤ አንድም የሚጠገን ስፒከር በሌለበት ቀንም ያው ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዮናስ የቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጊታሪስት ነበር። አስተማሪ አልነበረውም፤ የነበረው ከጋሽ መኮንን የተዋሰው አንድ ካሴት ነው። ዓለማዊ ዘፈን ቤታችን ክልክል፣ አባዬ ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌ ነውና፣ እሱ ሥራ ሲሄድ ዮናስ ካሴቱን ከፍራሹ ሥር አውጥቶ፣ እኔን በር ላይ ለጥበቃ አቁሞ፣ ድምፁን ቀንሶ ጊታሩ ለብቻው የሚጮኽባትን አንዲቷን ሶሎ ደጋግሞ ይሰማና ጣቱ እስኪላላጥ ይለማመዳታል። ምን አለፋችሁ፣ እኔ ራሴ በጥርሴ ልጫወታት ምንም አልቀረኝም ነበር።

አንድ እሁድ አምልኮው ጋለ፤ ዮናስም አብሮ ጋለና ያቺን ሶሎ ከእነጩኸቷ መዝሙሩ መሃል አስገባት። ወይ ጉድ! ጉባኤው ከመቀመጫው ተነሳ፤ እናቶች እልል አሉ፤ ፈገግ ብለው እንኳ የማያውቁ አንድ አዛውንት እጃቸውን ዘርግተው እንባቸው ወረደ። እኔ ከመዘምራኑ ሶፕራኖዎች መሃል ቆሜ ላብ በላብ ሆንኩ። ቤዝ የሚመታው ልጅ ግን ሶሎዋ ከየት እንደመጣች ያውቃል፤ ለሽማግሌዎቹ ነገረ። ረቡዕ ተሰብስበው ሊወስኑ ሆነ፤ ከአገልግሎት ይታገዳል፣ ጊታሩም የቤተ ክርስቲያኗ ስለሆነ ይመልሳል ተባለ። ለሌላ ሰው ቀላል ሊመስል ይችላል። ዮናስ ግን ሲናገር የሚንተባተብ፣ ትምህርቱም ሁለቴ የጣለው፣ ቀና ብሎ ሰው ፊት የሚቆመው ያንን እንጨት ሲይዝ ብቻ የሆነ ልጅ ነበር። ጊታሩን ቢነጥቁት ወንድሜን ምን እንደሚያቆመው አላውቅም ነበር፤ ፈራሁለት።

ማክሰኞ ከሰዓት አባዬ ቀደም ብሎ ከሥራ መጣና ዮናስን «ካሴቱን አምጣ» አለው። ተቀብሎት፣ ቴፑን ብብቱ ሥር ይዞ፣ መኝታ ቤት ገብቶ በሩን ዘጋ። እማዬ ከውጭ ቆማ በሹክሹክታ ትጸልያለች፤ ዮናስ ደጃፉ ላይ ጭንቅላቱን ይዞ ተቀምጧል፤ ከውስጥ ከበሮው ይደበደባል፣ ሰውዬው ይጮኻል፣ የአባዬ ድምፅ የለም። በጣም ቆየ። ሲወጣ ከፊቱ ምንም አይነበብም፤ ካሴቱን ለዮናስ ሰጠውና «ለጋሽ መኮንን መልስላቸው፤ የሰው ዕቃ ነው» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

አባዬ በስብሰባው ላይ ያለውን የነገረን አንድ ሌላ ሽማግሌ ነው። «ሰውዬው ምን እንደሚል አልገባኝም፤ ባልገባኝ ነገር አልፈርድም። የልጁ ጣቶች የማን ስጦታ እንደሆኑ ግን አውቃለሁ። ጊታሩን ከነጠቃችሁት እኔም ከዚህ ወንበር እነሳለሁ» አለ አሉ። ዮናስም ከእነጊታሩ ቀረ። ዛሬ ጊታር አስተማሪ ነው፤ አሁንም ይንተባተባል፣ መንተባተቡን ግን ተማሪዎቹ ከቁም ነገር አይቆጥሩትም።

አይ ጊዜ! ጋሽ መኮንን አርፈዋል፤ ሱቃቸው የነበረበት ረድፍ ፈርሶ መንገድ ወጥቶበታል፤ እማዬም የለችም፤ ከዚያ ዳገት ዛሬ ስሜን ጠርቶ ሰላም የሚለኝ ሰው ቢበዛ ሁለት ነው። ይህ ሁሉ አልፎ እነዚያ ጩኸታሞች ብቻ ሳይደክሙ፣ ማንም ሳይጠራቸው፣ ልጄ ዘንድ ደረሱ።

ያን ቅዳሜ አባዬም ከእኛ ጋር ነበር፤ ሰማንያውን አልፎ፣ ሶፋው ላይ ጋቢውን ለብሶ ዓይኑን ጨፍኗል። እንዳይረብሸው ብዬ ሳሮንን «ቀንሺው» ስላት፣ ዓይኑን ሳይገልጥ በእጁ ከለከለኝ። አጠገቡ ተቀመጥኩና እስከዛሬ ያላልኩትን አልኩት፦ «አባዬ፣ ያኔ ለዮናስ ብለህ ያን ሁሉ ጩኸት ተቀምጠህ መታገሥህን አልረሳውም። እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለመፍረድ እኮ የካሴቱ አንዱ ሳይድ ይበቃኝ ነበር» አለኝ። «ገልብጬ ሁለተኛውንም የሰማሁት ለራሴ ነው።»