የበሬ ሌባው ክረምት

ስማቸው የሚባል ሰው ወረታ ላይ ሸማኔ ነበር። በልጅነቱ ዳዊት ደግሟል፤ መጻፍም ያውቃል። ጋቢ ሊያሠራ የመጣ አንድ አስተማሪ ያዋሰውን ልብ ወለድ አንብቦ ከጨረሰ ወዲህ ግን ልቡ ከሥራው ላይ አልረጋ አለ። «ያልነበረ ሰው እንዲህ ቁልጭ ብሎ የሚታየኝ እንዴት አድርገው ቢጽፉት ነው?» ይላል። በ፲፱፻፶፪ ዓ.ም. ደብተር ገዝቶ እሱም መጻፍ ጀመረ።

የጻፈው ስለ በሬ ሌባ ነው። ዓምና የጎረቤቱ የማንጠግቦሽ በሬ፣ ቦራ የሚሉት፣ ፎገራ ሜዳ ለግጦሽ እንደወጣ ተሰርቆ ቀርቷል፤ ማንጠግቦሽም አንድ በሬ ብቻ ስለቀራት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታለች። ስማቸው ሌባውን ዓይነ ደም፣ ጥርሰ ወልጋዳ፣ ልበ ድንጋይ አድርጎ ሣለው። ሚስቱ ሸጌ ጥጥ እየፈተለች ሲያነበው ሰማችውና፣

«ሌባህ ከመስረቅ በቀር ሌላ ሥራ የለውም?» አለችው። «አይርበውም? እሾህ አይወጋውም?»

ተቀየማት። ነገሩ ግን ከነከነው።

ጥር ላይ ወገቡን አሞት ወደ ወንዛዬ ፍል ውኃ ወረደ። እዚያ አያ ደሳለው ከሚባሉ ሽማግሌ ጋር ጎን ለጎን ሲዘፈዘፍ ታሪኩን አወጋቸው።

«በሬውን እንዴት አድርጎ ወሰደው?» አሉ።

«በገመድ ጎትቶ።»

ሳቁ። «የፎገራ በሬ ለባዕድ ይጎተታል? ልጄ፣ ሌባው ሳምንት ሙሉ ጨው ከእጁ ያስልሰዋል። መዳፉ እስኪሰነጣጠቅ። ባለቤቱ በምን ስም እንደሚጠራው ይሰማል። ከዚያ ስሙን እየጠራ ከፊት ከፊቱ መሄድ ነው።»

ስማቸው «እርስዎ በምን አወቁ?» ሊል አፉን ከፈተና ተወው። የበለጠ ሊያውቅ የፈለገው ሌላ ነበር።

«ሲሸጠውስ ምን ተሰማው?»

ሽማግሌው ውኃውን በእጃቸው እየዘገኑ ትከሻቸው ላይ አፈሰሱ። «ዞሬ አላየሁትም» አሉ በቀስታ። «በሬው ግን ገበያው መካከል ቆሞ ይጠብቀኝ ነበር።»



ስማቸው ወረታ ሲመለስ የጻፈውን ቀዶ ጣለ። ሌባውን አበረ ብሎ ስም አወጣለት። አበረ ውሻ የሚፈራ፣ ብቻውን ሲሄድ የሚያፏጭ፣ የቆሰለ መዳፉን ቅቤ እየቀባ የሰው በሬ የሚያቆላምጥ ሰው ሆነ። ሲያነብላት የሸጌ እንዝርት ቆመ።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ለጎረቤት አነበበው። ማንጠግቦሽ ሳይጨርስ ተነሥታ ወጣች። በማግስቱ ሸማ እየሠራ ሳለ መጣችበት።

«ምን በደልሁህ? በሬዬን ለወሰደ ሰው አንጀቴን ታባባለህ?»

«እቴ ማንጠግቦሽ፣ ልብ ወለድ እኮ ነው። አበረ የሚባል ሰው የለም።»

«የለም አትበለኝ! እሱን ሳስብ ነው ያደርሁት።» ደጃፉ ላይ ተቀመጠችና፣ «ለመሆኑ ክረምቱን የት ከረመ? ሜዳው ውኃ ሲሞላ ማን አስጠጋው?»

ስማቸው መወርወሪያውን አስቀመጠ። ይህን አላሰበውም ነበር።

«እንጃ» አላት። «አንቺ ብትሆኚ ታስጠጊው ነበር?»



«እሰድበው ነበር» አለች ማንጠግቦሽ። «ከሰደብሁት በኋላ እንጃ።»

ስማቸው በዚያው ዓመት የአበረን ክረምት እየጻፈ ሁለት ደብተር ጨመረበት። ጽሑፉ ማተሚያ ቤት አልደረሰም፤ በእጅ እየተገለበጠ ግን ይፋግና ሐሙሲት ድረስ ተሰማ። ሸማ ሊያሠራ የመጣ ሰው ሁሉ ፈትሉን ከትከሻው ሳያወርድ «አበረስ እንዴት ሰነበተ?» ይለው ነበር።