የእህቴ ባል በጌንት ያሳለፋቸው ሦስት ቀናት

የእህቴ ባል ኦዲል፣ የጌንት ከተማ ስም በተነሳ ቁጥር ከወንበሩ ተነስቶ የሚወጣ ሰው ነበር። ከእኛ መንደር ከዋቱ እስከ ጌንት በመኪና አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። የመንደሩ ሰው ለገበያውም፣ ለሐኪሙም፣ ለሠርጉም ደርሶ ይመለሳል። ኦዲል ግን ሁለተኛ ልጁ እዚያ ስትመረቅ እንኳ ላሟ ልትወልድ ነው ብሎ ቀረ። ላሟ የወለደችው ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ክፉ ሰው አልነበረም። ዝምተኛ ቢሆንም ሰውን ለመርዳት እጁ የፈጠነ ነበር። በረጃጅም ምሰሶዎች ላይ እየተጠመጠመ የሚያድገውን የቢራ ጌሾ እያመረተ አራት ልጆች አሳደገ። እኔ ኖኤላ፣ የሚስቱ የዙልማ ታናሽ እህት ነኝ። ባል አላገባሁም፤ በመኪና ዳቦ እያዞርኩ እሸጣለሁ፤ ራቴን የምበላው ግን ሁልጊዜ ከእነሱ ጋር ነበር። ስለዚህ ኦዲልን አውቀዋለሁ ብዬ አስብ ነበር።

የአገራችን ገንዘብ ገና ፍራንክ በነበረበት ዘመን፣ አንድ የጸደይ ወር ላይ፣ የመንደሩ የሙዚቃ ጓድ ለከበሮ መግዣ ሎተሪ አዘጋጀ። ዙልማ አንድ ትኬት ቆረጠች፤ ሁለተኛው ዕጣ ወጣላት፦ በጌንት ለሁለት ሰው የሁለት ሌሊት ማደሪያ ከነቁርሱ። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጠው ኦዲል አየት አደረገና ከእህትሽ ጋር ሂጂ አላት።

ዙልማ ሳህን እያጠበች ነበር። እጇን በሽርጧ አደራርቃ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች።

"ሠላሳ አራት ዓመት አብሬህ ስኖር አንድም ቀን ጠይቄህ አላውቅም" አለችው። "ዛሬ ግን ልጠይቅህ። ጌንት ውስጥ ማንን ነው የምትሸሸው?"

እኔ ልውጣላቸው ብዬ ብድግ ስል "ተቀመጪ፣ አንቺም ስሚ" አለኝ።

ከዚያ በኋላ አንዴም ሳያቋርጥ ነገረን። የሃያ አራት ዓመት ልጅ ሳለ ጌንት ውስጥ ጣሪያ ሠሪ ነበር፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ በጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ ያለብሱ ነበር። ሥራውን ያስተማረው ፊርሚን የሚባል፣ በስድስት ዓመት የሚበልጠው የከተማው ልጅ ነው። አንድ ዝናብ ያደረበት ጠዋት ኦዲል ከጣሪያው ጋር የሚያይዘውን መጠባበቂያ መንጠቆ ሳያስር ወጣ፤ መንጠቆው ሥራ ያጓትትበት ስለነበር። ድንጋዩ አንሸራተተው። የቀረው ወገቡ ላይ የታሰረው አንድ ገመድ ብቻ ነው፤ የገመዱ ሌላ ጫፍ ደግሞ በፊርሚን እጅ ነበር። ገመዱ በፊርሚን ቀኝ እጅ ላይ ተጠምጥሞ አጥንቱ ድረስ በላው። ቢለቀው ኖሮ ማንም አይፈርድበትም ነበር። አልለቀቀውም። ሌሎቹ ሠራተኞች ሮጠው ደርሰው ኦዲልን ሲያወጡት አንድ ጭረት እንኳ አልነበረበትም። ፊርሚን ግን ሁለት ጣቶቹን አጣ፤ ከጣቶቹ ጋር ሙያውንም።

በማግስቱ ኦዲል አንድ ከረጢት ብርቱካን ገዝቶ ሆስፒታሉ በር ድረስ ሄደ። ቆመ፣ ቆመና ተመለሰ። ከዚያው በባቡር ተሳፍሮ ወደ አባቱ ጌሾ ማሳ መጣ። ብርቱካኑን የባቡሩ መቀመጫ ላይ ትቶት እንደወረደ ነገረን።

ዙልማ የዕጣውን ወረቀት አንስታ ሽርጧ ኪስ ከተተችው። "ሐሙስ እንሄዳለን" አለች።

ያደረስኳቸው እኔ ነኝ፤ ለራሴም አንዲት ጠባብ ክፍል ተከራየሁ። ፊርሚንን ማግኘት ቀናት የሚፈጅ መስሎን ነበር። የማደሪያው ባለቤት ግን ስሙን እንደሰማች "ባለ ሦስት ጣቱ ጀልባ ነጂ? ወንዙ ዳር ውረዱ፣ ድምፁን ትሰሙታላችሁ" አለችን።

ወረድን። ከድሮዎቹ የእህል ነጋዴዎች ቤቶች ፊት ለፊት፣ እንግዶች የጫነች ጀልባ ወደ ዳር ስትጠጋ፣ አንድ ሽበታም ግዙፍ ሰው ሁለት ጣት በጎደለው እጁ ገመድ ወርውሮ ሲያስር አየን። ኦዲል ቆቡን አውልቆ ቆመ። ሰውየው ቀና ብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው።

"ኦዲል ነህ" አለ። "ወፍረሃል።"

ኦዲል ወደ ጀልባዋ አንድ እርምጃ ተራመደ። 

"ቆይ" አለው ፊርሚን፣ "መጀመሪያ እነዚህን ሰዎች ላውርድ።"

በዚያው ቀን ለምሳ ቤቱ ወሰደን። ሚስቱ ኢቮን ዶሮ በካሮትና በድንች፣ በክሬም አድርጋ የሠራችውን ሾርባ አቀረበች። መጀመሪያ ስለ አየሩ፣ ስለ ጌሾ ዋጋ አወራን። ከዚያ ፊርሚን ማንኪያውን አስቀመጠ።

"በጣቶቼ ተናድጄብህ አላውቅም" አለ። "ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያስገደደኝ የለም። የተናደድኩት ሳትመጣ ስለቀረህ ነው። ስድስት ሳምንት ተኝቼ፣ በሩ በተከፈተ ቁጥር አንተ ነህ እያልኩ ቀና እል ነበር።"

"በሩ ድረስ መጥቼ ነበር" አለ ኦዲል።

"እና?"

"አልገባሁም።"

"ደደብ ነበርክ።"

"ነበርኩ" አለ ኦዲል።

ይሄኔ ዙልማ ጣልቃ ገባች። የመጀመሪያ ልጃቸው ስሙ ፊርሚን እንደሆነ፣ በቤተሰባቸው በዚህ ስም የተጠራ ስለሌለ ምክንያቱን ስትጠይቀው ዝም ብሎ ደስ ይለኛል እንዳላት ተናገረች። ግዙፉ ፊርሚን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። አንገቱ ቀልቶ ነበር። ያዳነችን ኢቮን ናት።

"እኛ ሦስት ወልደን አንዱንም በስሙ አልጠራንለትም" አለች። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አንድ ፊርሚን ለአንድ ቤት ይበቃል።"

ሁላችንም ሳቅን፤ ኦዲልም እየሳቀ በመሐረቡ ዓይኑን ጠረገ። ኢቮን ያኔ ሆስፒታሉ ውስጥ ልብስ አጣቢ እንደነበረች፣ ከፊርሚን ጋር የተዋወቁት አንሶላ ስትቀይር እንደሆነ ያወቅነው ከዚያ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ ፊርሚን በጀልባዋ ይዞን ዞረ። ከአንዱ ድልድይ ሥር ስንገባ ኦዲል ቀስ ብሎ ተናገረ፤ ድምፁ ከድንጋዩ ጋር እየተጋጨ ለሁላችንም ተሰማን።

"አራት ልጆች አሉኝ፤ ዘጠኝ የልጅ ልጆች። ሁሉም ያን ቀን በዚያ ገመድ ላይ ነበሩ። ስለያዝከን አመሰግናለሁ።"

ፊርሚን መሪውን ይዞ ወደ ፊት እያየ "ከባድ ነበርክ" አለ።  ከድልድዩ ሥር ስንወጣ ግን በግራ እጁ የኦዲልን ትከሻ ጨበጥ አድርጎ ለቀቀው።

ከዚያ ያኔ ጣሪያውን ያለበሱት ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ጀልባዋን አቁሞ ከወንበሩ ሥር አቅራቢ መነጽር አወጣ። ሌላው የጣሪያው ወገን ሁለት ጊዜ ታድሷል፤ በሰሜን በኩል ያለው ግን እስከዛሬ የእነሱ ሥራ ነው። ኦዲል መነጽሩን ይዞ ቆየ።

"አራተኛው ረድፍ ጠማማ ነው" አለ በመጨረሻ።

"እሱ ያንተ ነው" አለው ፊርሚን።

ሁለት ሌሊት ያልነው ሦስት ሆነ። ሦስተኛውን እነኢቮን ቤት አደርን። ዙልማ አደባባዩንም ግንቡንም እስኪበቃት አየች፤ ወንዶቹ እንደ ልጅ እየተሟገቱ ከኋላችን ይጎተቱ ነበር። ደንበኞቼ ቅዳሜን ያለ ዳቦ ዋሉ፤ ተቆጡኝ፤ ምንም አልቆጨኝም።

ከዚያ ወዲህ ፊርሚንና ኢቮን በየዓመቱ የጌሾ መልቀም ጊዜ ይመጡ ነበር። ፊርሚን ሥራው ላይ ከጥቅሙ ወሬው ይበዛል። ኦዲል ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ታሞ ሲተኛም ወዳጁ መጥቶ አልጋው አጠገብ አሥራ ሁለት ቀን ተቀመጠ፤ ካርታ ተጫወቱ፣ ተጨቃጨቁ። ኦዲል ደስ ብሎት ነው ያረፈው። ይህን የምለው ለማጽናናት አይደለም፤ አይቼዋለሁ።

ዙልማ አንዳንዴ ምነው ቀደም ብዬ በጠየቅኩት ትላለች። እኔም እላታለሁ፦ ዘግይተሽም ቢሆን ጠየቅሽው እኮ።