በፋይሉ ፊት ያለው ስም

ወንድሜ ጨለለቂ ውስጥ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፍባት ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ኮምፒውተሩ አንድ ነው፤ የምንሠራበት ሁለት። ስለዚህ ለየራሳችን መግቢያ ስምና ፓስወርድ አበጀልን።

አንድ ቀን ከሲሬ የመጡ እናት ያስጻፉትን ማመልከቻ ላስተካክል ብዬ አበላሸሁት። ወንድሜ አልተቆጣኝም። ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ አስረዳኝ። እያንዳንዱ ፋይል ባለቤት አለው። ባለቤቱ ለሌላው ሰው ማንበብ ብቻ ሊፈቅድለት ይችላል፤ ከፈለገ መጻፍም ይጨምርለታል፤ ካልፈለገ ሁለቱንም ይከለክለዋል። ይህን ብሎኝ የራሱን ፎልደር ሁለቱንም ከለከለኝ። አኮረፍኩ።

«ስትለምድ እከፍትልሃለሁ» አለኝ።

ሳይከፍትልኝ ሞተ። እንዴት እንደሞተ መጻፍ ገና አልቻልኩም።

ከአርባው በኋላ በራሴ ስም ገብቼ ፎልደሩን ልከፍት ሞከርኩ። ፈቃድ የለህም አለኝ። በማግስቱም ሞከርኩ። ውስጡ ምን እንዳለ አላውቅም። ብቻ መጨረሻ ላይ የጻፈው ነገር እዚያ ነው፤ እሱን ማንበብ ፈለግኩ።

ዲጋ የሚኖር ጓደኛ ነበረው። ሁሉንም የሚከፍተው የአስተዳዳሪው ፓስወርድ እሱ ጋ ስለነበር ደወልኩለት። መጣ። የወንድሜ ወንበር ላይ ከመቀመጡ በፊት ትንሽ ቆመ። ከዚያ ጥቂት ፊደል መታና በኦሮምኛ ወንድሜ ብሎ ጠራኝ።

«ኦቦሌሳ ኮ፣ በቃ። ሁሉም ያንተ ሆኗል።»

ዝርዝሩን አየሁ። በየፋይሉ ፊት የባለቤቱ ስም ይጻፋል። የወንድሜ ስም መሆን ያለበት ቦታ ሁሉ የኔ ስም ነው።

«የሱን ስም መልስልኝ» አልኩት።

«ልትሠራባቸው አይደል እንዴ?»

«አይ… ማንበብ ብቻ ይበቃኛል።»

ቀና ብሎ አየኝ። የወንድሜን ስም መለሰና ለኔ ማንበብ ብቻ ፈቀደልኝ።

አብዛኛው የሰው ማመልከቻ ነበር፤ እሱን አልነካሁም። የመጨረሻው ግን የኔ ነው። አንድ ማሠልጠኛ እንዲቀበለኝ እየጻፈልኝ ነበር። አልነገረኝም። «አመልካቹ ታናሽ ወንድሜ ሲሆን» ይልና እዚያ ላይ ያበቃል።

ጠዋት ሱቁን ስከፍት፣ ሰው እስኪመጣ አነበዋለሁ። ከዚያ በኋላ ስለኔ ምን ሊል ነበር? አንዳንዴ የሆነ ቃል ጽፌ አያለሁ። ኮምፒውተሩ አላስቀምጥም ይለኛል። ደግሜ ስከፍተው ያው እሱ ያቆመበት ላይ ነው።