ጣይባና የቧንቧ ጎማዎቿ

ጣይባ ቱቦ ስትቆርጥ ማየት ደስ ይለኛል። መጋዙን ከማንሳቷ በፊት ቱቦውን በወረቀት ትጠመጥመዋለች። የወረቀቱ ጫፍና ጫፍ ልክ ሲገጥምላት ዙሪያውን በእርሳስ ታሰምራለች። «ዓይን ይዋሻል፤ ወረቀት አይዋሽም» ትላለች። ደሴ ውስጥ ቧንቧ የምትሠራ ሴት እኔ የማውቀው እሷን ብቻ ነው። ሰው ቤት ስትሄድ በሩን ከፍተው ከኋላዋ ያያሉ፤ «ባለሙያው የታለ?» ይሏታል። «እየመጣ ነው» ትልና ገብታ፣ ሠርታ፣ እጇን ታጥባ ትወጣለች።

ከሰኞ ገበያ ከፍ ብሎ አንድ ግቢ ውስጥ ግድግዳ ለግድግዳ እንኖራለን። ወላጆቿ ገራዶ ናቸው። እሷ ለሙያ ትምህርት መጥታ እዚሁ ቀረች።

ባለፈው ክረምት አንድ ትልቅ ቤት ታንከር ልትጠግን ሄዳ፣ ማታ ካርቶን ታቅፋ መጣች። ውስጡ ክንድ የምታህል የሪሞት መኪና አለች። የቤቱ ባለቤት «ልጆቹም አደጉ፣ ሞተሯም ሞተ፤ ከፈለግሽ ውሰጃት» ብለዋት ነው። ጽናት ያኔ ገና መቀመጥ የጀመረች ልጄ ነበረች፤ ለእሷ ያመጣችላት መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ።

«ኧረ ተይ! ይቺ የልጅ አይደለችም» ብላ ካርቶኑን ወደ ደረቷ ሳበችው። «ይቺ የድሪፍት ናት።»

ድሪፍት ማለት መኪና በጎኗ እየተንሸራተተች ስትሄድ ነው። ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ቁልቁለት በዝናብ የወረደ ሰው «እግዚኦ» የሚልበትን ነገር እነሱ ፈልገው ያደርጉታል። ጣይባ በስልኳ ስታይ ከርማ፣ ኮምቦልቻ ውስጥ ይህን የሚጫወቱ ሰዎች እንዳሉ በቴሌግራም አገኘች። የሚያስተባብራቸው አግማስ የሚባል የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያን ነው። ሞተሯን እንዴት ፈታ እንደምታጥብ በድምፅ እየላከ አስተማራት። ሞተሯ ነፍስ ዘርታ «ዚዝዝ» ያለች ቀን ጣይባ ግቢውን ሁሉ ጠርታ አሰማች።

የቀረው ጎማ ነበር። ለድሪፍት ላስቲክ አይሆንም፤ መሬት ይይዛል። ደረቅ ፕላስቲክ ያስፈልጋል። አግማስ «እሱ ከውጭ ካልመጣ የለም» አላት። ጣይባ ሜትሯን አውጥታ ጎማውን ለካች። ደግማ ለካች። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብላ መሳቅ ጀመረች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሥርጉት! ይሄ'ኮ ባለ ስልሳ ሦስት ሚሊ ቱቦ ነው! በየቀኑ የምቆርጠው! ከውጭ ይላል ደግሞ!»

በማግስቱ ከግራጫው የውሃ ቱቦ አራት ቀለበት ቆርጣ ቸርኬው ላይ አጠለቀቻቸው። ልክክ አሉ።

የሙከራ ሜዳው የእኔ ቤት ሆነ፤ ሰፊ የሊሾ ወለል ያለው የእኔ ቤት ነውና። ጠረጴዛውን ወደ ግድግዳ ገፋን፣ ባዶ ሃይላንዶች በዙሪያው ደረደርን። መጀመሪያ ቀን መኪናዋ እንደ እንዝርት ሾረች። ጣይባ ሪሞቱን እንደነካች መኪናዋ ዞራ ዞራ ሶፋ ሥር ትገባለች። ውስጧ ጃይሮ የሚሏት የክብሪት ቀፎ የማታህል ጥቁር ሳጥን አለች። ሥራዋ የመኪናዋ ጭራ ሲሸሽ የፊት ጎማዎቹን መመለስ ነው። ጣይባ መኪናዋን በእጇ አንስታ ጭራዋን ወደ ቀኝ አዞረች። ጎማዎቹ ወደ ግራ ሄዱ።

«ገልብጬ ነው ያሠርኳት! ጭራዋ ወደ ቀኝ ሲሄድ ጎማውም ወደ ቀኝ መከተል አለበት'ኮ። እኔ ውደቂ ብዬ እያዘዝኳት!»

ሳጥኗን ገለበጠቻት፤ መኪናዋም ቀና አለች። ከዚያ ወዲያ ማስተካከል ብቻ ሆነ። የጃይሮዋን ጉልበት በትንሽ ብሎን መፍቻ ትንሽ ትጨምራለች፣ ትንሽ ትቀንሳለች። የፊት ጎማዎቹን አናት ወደ ውስጥ ታዘነብላለች። ጭራዋ ሲቀልባት ከመሣሪያ ሳጥኗ ኒፕል የሚባሉ ሁለት የነሐስ የቱቦ ማያያዣዎች አውጥታ ለክብደት ከባትሪው ኋላ አሠረችባት። አንዱን ነገር ከነካች ሌላውን አትነካም፤ «ሁለቱን ከቀየርኩ የቱ እንዳዳነኝ በምን አውቃለሁ?» ትላለች። እኔም የበኩሌን አደረግሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ወለሉን ሰም ቀብቼ እንደ መስታወት አደርግላት ነበር። ባለቤቴ ኃይለ ሚካኤል ሁለት ጊዜ አዳልጦት ወድቋል። «ለመኪና የተጨነቃችሁትን ያህል ለእኔ ወገብ ብትጨነቁ» እያለ ያጉረመርማል፤ ግን ሪሞቱን ሲያገኝ አይለቅም።

በጥር መጨረሻ አግማስ ድምፅ ላከ። አብረን ሰማነው። «ጣይባ፣ ለአዲስ አበባው ውድድር ስድስት መኪና ነው የምንይዘው። አምስቱ ሞልቷል። ስድስተኛውን እሁድ እናያለን፤ አራት ሰው ይሞክራል። ሁለት ሙከራ አለሽ። ሦስት ዙር፣ በጎን ብቻ። አንድ ሃይላንድ ከወደቀ አበቃ።»

ደግማ ደጋግማ ሰማችው። «ስድስት ዓመቴ ነው 'ባለሙያው የታለ' ስባል» አለችኝ። «አንድ ቀን በስሜ ተጠርቼ 'ነይ' ብባል ምን አለበት?»

ቅዳሜ ማታ ወለሉን ሁለት ጊዜ ሰም ቀባሁት። መኪናዋ እንደ ቅቤ ፈሰሰች፤ አሥር ዙር፣ አንድም ሃይላንድ ሳትነካ።

እሁድ ጠዋት ጽናትን አዝዬ፣ ለዱቄት ወተቷ የፈላ ውሃ በፔርሙዝ፣ ለእኛ ዳቦ በወረቀት ይዤ አብሬያት ሚኒባስ ገባሁ። ጣይባ የመሣሪያ ሳጥኗን እግሯ ሥር አድርጋ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አቀፈች። አንድ ተሳፋሪ አላስቻለውም።

«እህት፣ እንቁላል ነው?»

«መኪና ነው።»

«መኪና በመኪና? ብትነጃት አይቀልም?»

«ሐረጎን ትፈራለች» አለችው፤ ሚኒባሱ ሁሉ ሳቀ። ቁልቁለቱን ስንወርድ ጆሯችን ተደፍኖ ተከፈተ፣ ሹራባችንን አወለቅን፤ ኮምቦልቻ ስንደርስ ደሴ የለበስነው ሁሉ ክንዳችን ላይ ነበር።

ሙከራው የሚደረገው ባዶ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ሃያ የሚሆን ሰው ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጣይባ መኪናዋን መስመር ላይ አስቀመጠች። «ቢስሚላህ» አለችና ሪሞቱን ጫነች።

መኪናዋ ቀጥ ብላ ሄደች። መሪውን ብታዞረውም ጭራዋ አልንሸራተት አለ። እንደ ተናደደ ወይፈን ሮጣ ሦስት ሃይላንድ ደርምሳ ቆመች።

«የደሴዋ መኪና እንደ ወታደር ሰልፍ ላይ ናት እንዴ!» አለ አንዱ።

አግማስ ሃይላንዶቹን እያነሳ «አብሽሪ፣ አንድ ሙከራ አለሽ» አላት። «ሦስቱ ሰዎች እስኪጨርሱ ግማሽ ሰዓት ይሆናል። ጃይሮዋን ቀንሺያት።»

ጣይባ ተንበርክካ ወለሉን በመዳፏ ዳበሰችው። ሲሚንቶው ሸካራ፣ ደረቅ፣ ለብ ያለ ነው። ቀና ብላ አየችኝ።

«ሥርጉት፣ ቤትሽን ምንድን ነው የምትቀቢው?»

«ሰም...» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ገባኝ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ።

«ያ ረቢ! ለሰም ነዋ ያስተካከልናት! ሦስት ወር ሙሉ!»

እንባዬ መጣ። እሷ ግን ዓይኗ በርቶ ነበር። «ምን ያስለቅስሻል? አወቅነው'ኮ! ጃይሮዋ ጤነኛ ናት። ጎማው ነው መሬት የያዘው። ግራጫው ቱቦ እዚህ ይይዛል። ጥቁሩ ቢሆን አይዝም። እጄ ያውቀዋል፤ ሳነሳው ሁሌ ያመልጠኛል።»

እሁድ በዚያ ሰዓት ማን ሱቅ ከፍቶ ቱቦ ይሸጣል? ወጣን። መጋዘኑን ዞርን። ጥበቃው ጋሼ ደጉ ከጎጇቸው ፊት፣ ከምታንጠባጥብ ቧንቧ አጠገብ ተቀምጠዋል፤ የጎጇቸው በር መቀርቀሪያ ጥቁር ቱቦ ነው። ጣይባ ሜትሯን አወጣች። ስልሳ ሦስት።

«ጋሼ፣ ከዚች ቱቦ አራት ጣት ያህል ልቁረጥብዎት?»

«መቀርቀሪያዬን? ለምን?»

«ለመኪና ጎማ።»

ጋሼ ደጉ ወደ ፀሐይዋ አዩ፣ ወደ እሷ አዩ። «ልጄ፣ ውሃ ጠጥተሻል?»

«ወላሂ እውነቴን ነው! ማክሰኞ ሙሉ ቱቦ አመጣልዎታለሁ። ያችንም የምታንጠባጥብ ቧንቧ እጠግንልዎታለሁ።»

«እሱንስ ባለሙያ ብትልኪልኝ...»

«ባለሙያዋ እኔ ነኝ» አለች።

ሽማግሌው ቱቦውን ከበሩ አውጥተው አቀበሏት። ከውስጥ የሁለተኛው ሰው መኪና ስታፏጭ ይሰማል። «በዓይንሽ ቁረጪው፣ ሰዓቱ ሄደ!» አልኳት። ጣይባ የዳቦዬን ወረቀት ነጥቃኝ ቱቦው ላይ ጠመጠመችው። አሰመረች፤ ከዚያ መጋዙን አነሳች። የኋላዎቹ ሁለት ጎማዎች ብቻ ይበቁ ነበር። ሁለት ጥቁር ቀለበት ተቆርጠው ወደቁ።

ጥቁሩ ቱቦ ወፍራም ነውና ቸርኬው ላይ ግን አልገባ አሉ። በጉልበቷ ጫነቻቸው፣ በመዶሻ እጀታ መታቻቸው፤ እምቢ።

«የፈላ ውሃ ቢያገኝ ይለሰልሳል። የፈላ ውሃ!»

ፔርሙዙን አየሁት። የጽናት ወተት የሚበጠበጥበት ውሃ ነው፤ ሌላ የለኝም። የሃይላንድ ወገብ ቆርጠን ውሃውን ገለበጥነው፣ ቀለበቶቹን ነከርናቸው። እኔ እስከ መቶ ቆጠርኩ። ጣይባ በሻርፗ ጫፍ ይዛ አወጣቻቸው፣ ቸርኬው ላይ ጫነቻቸው፣ ጠልቀው ገቡ! ቀዝቃዛ ውሃ ስናፈስባቸው ጥፍር አድርገው ያዙ።

«ጣይባ!» አለ አግማስ ከውስጥ። «ተራሽ ነው! የቀደሙት ሦስቱም ሃይላንድ ጥለዋል!»

እየሮጥን ገባን። መኪናዋን አስቀመጠች። አውራ ጣቷን ሪሞቱ ላይ አሳረፈች። ጫነችው።

ጭራዋ ሸሸ! ወዲያው የፊት ጎማዎቹ ተከተሉት፤ መኪናዋ ጎኗን ሰጥታ ሃይላንዶቹን እየታከከች ዞረች። አንድ ዙር። ያ «ሰልፍ ላይ ናት» ያለው ሰውዬ ከግድግዳው ተነሳ። ሁለት ዙር። የቱቦ ጎማዎቹ «ሲስስ» ሲሉ ብቻ ይሰማል። ሦስተኛው ዙር ላይ፣ የመጨረሻው ኩርባ ላይ፣ ጭራዋ ሃይላንዱን ነካው።

ሃይላንዱ ተንገዳገደ። ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ። እኔ ጽናትን ጭምቅ አድርጌ ያዝኳት። ሃይላንዱ አንዴ ዞረና... ቆመ። መኪናዋ መስመሩን አለፈች።

መጋዘኑ ተናጋ። አግማስ ወንበር ላይ ወጥቶ ወረቀቱን አነበበ። «ስድስተኛ! ጣይባ አብዱልወሀብ፣ ከደሴ! ነይ!»

ነይ ተባለች። ግን ያን ጊዜ ጽናት በጩኸቱ ደንግጣ፣ ረሃቡም ተጨምሮባት ጣሪያውን በልቅሶ ነቀለችው። ጣይባ ሪሞቱን እጄ ላይ ጥላ ፔርሙዙን አነሳች።

«ኧረ ፎቶ!» አላት አግማስ።

«መጀመሪያ የልጅቷ ውሃ!» ብላ ወደ ውጭ ሮጠች። ስትመለስ ፔርሙዙ ሞልቷል፤ ጋሼ ደጉ የራሳቸውን ምድጃ አንድደው አፍልተውላት ነው። ፎቶው ላይ ጣይባ መኪናዋን በአንድ እጇ፣ ጡጦውን በሌላው ይዛለች።

ማክሰኞ ቃሏን ልትፈጽም ወረደች። ጋሼ ደጉ ገና ከሩቅ ሲያይዋት ለጓደኛቸው «በል ቧንቧውን አሳያት፤ ባለሙያዋ መጣች» አሉት። ይህን ስትነግረኝ ሦስት ጊዜ ደገመችልኝ።

አሁን ለአዲስ አበባው እየተዘጋጀን ነው። ባለፈው ቅዳሜ የሰሙን ቆርቆሮ ከፍቼ በሯ ላይ ቆምኩ።

«ልቀባው ወይስ ልተወው?»

«ግማሹን ቀቢው፣ ግማሹን ተይው» አለችኝ። «እዚያ ምን ዓይነት ወለል እንደሚጠብቀን አናውቅም። እኔ ሁለቱንም ጎማ እቆርጣለሁ፤ አንቺ ፔርሙዙን ያዢ።»