የገመቹ ድንጋይ

ልጅ ሳለሁ መብራት ሲጠፋ ደስ ይለኝ ነበር። የአዳማ ነፋስ ሲነሳ መብራቱ ድርግም ይላል፤ ያኔ የግቢያችን ሰው ከሙቀቱም ከጨለማውም ሸሽቶ ጋሽ በቀለ በረንዳ ላይ ይሰበሰባል። ጋሽ በቀለ ጡረታ የወጡ አስር አለቃ ነበሩ። ኩራዙን ከነፋሱ በቆርቆሮ ከልለው፣ ከሰሉ ላይ በቆሎ እየጠበሱ፣ በወታደርነታቸው ስለኖሩበት የተራራ ምሽግ ያወሩልናል። የበቆሎው ጭስ ዓይናችንን ቢያቃጥለውም ከቦታው የሚነሳ አልነበረም።

ምሽጉ ያለው ጠረፍ ላይ፣ ደመና ከበታቹ በሚያልፍበት ተራራ አናት ነው። መጀመሪያ የአንድ ባላባት ሰዎች በደረቅ ድንጋይ ካቡት፤ ጣልያን መጥቶ በሲሚንቶ ለሰነው፤ ጣልያን ሲሄድ ዝንጀሮ ወረሰው፤ በመጨረሻ የእነ ጋሽ በቀለ ጦር ገባበት። ጋሽ በቀለ ታሪክ ላይ አይቸኩሉም፤ ባላባቱን ለመቅበር ብቻ ሳምንት ፈጅተውብናል።

እኔ ከሁሉም የምወደው የድንጋዩን ልማድ ነበር። ክረምት በመጣ ቁጥር ዝናቡ ካቡን ስለሚንደው፣ ወደ ምሽጉ አዲስ የሚመደብ ወታደር ሁሉ ከግርጌው ወንዝ አንድ ድንጋይ መርጦ፣ ተሸክሞ ወጥቶ፣ ካቡ ላይ በገዛ እጁ ያኖራል። ባለቤቱ ወደ ሌላ ቦታ ቢዛወር እንኳ ድንጋዩ በስሙ ይጠራል።

አዴ ጫልቱም አብረውን ይሰሙ ነበር። ከመቂ ሽንኩርት እያመጡ ገበያ የሚሸጡ ጎረቤታችን ናቸው። አንድ ልጃቸው ገመቹ ከጋሽ በቀለ ጋር እዚያው ምሽግ ነበር፤ አልተመለሰም። ታሪኩ ወደ ገመቹ ዘመን ሲቃረብ ጋሽ በቀለ ከሰሉን ይቆሰቁሱና «ለካ ስለ ጣልያኑ ጉድጓድ አልነገርኳችሁም» ብለው ወደ ኋላ ይመለሳሉ። እኛ ልጆቹ እናጉረመርማለን። እናቴ «የእናት አንጀት ፈርተው ነው፣ ዝም በሉ» ትለናለች። አዴ ጫልቱ በቆሏቸውን ይፈለፍላሉ።

አንድ ምሽት ጋሽ በቀለ እንደለመዱት ወደ ጣልያኑ ሊዞሩ ሲሉ አዴ ጫልቱ የያዙትን በቆሎ አስቀመጡ።

«ጋሽ በቀለ፣ የልጄን መርዶ እኮ ድሮ ሰምቻለሁ። ድንኳን ተጥሎ አልቅሻለሁ። አሟሟቱን አይንገሩኝ። ድንጋዩን የት እንዳኖረ ብቻ ይንገሩኝ።»

የጋሽ በቀለ እጅ ከሰሉ ላይ እንደተዘረጋ ቀረ።

«ከበሩ በስተቀኝ ነው» አሉ። «ትንሽ አንሳ ብንለው እምቢ ብሎ፣ የራሱን ግማሽ የሚያህል ይዞ መጣ። አናት ሲደርስ እዚያው ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ እንቅልፍ ወሰደው። እኛም እስኪነቃ ጠበቅነው።»

አዴ ጫልቱ ሳቁ። እንባቸው እየወረደ ሳቁ። «ዱሮም ግትር ነው፤ ውሃ ስልከው ትልቁን ጀሪካን ነበር የሚያነሳው።»

ጋሽ በቀለ ያን ሁሉ ጊዜ የሸሹት ሞቱን ነበር፤ አዴ ጫልቱ ደግሞ ያን ሁሉ ጊዜ የጠበቁት ልጃቸው በሕይወት ያለበትን አንድ ቀን ነበር። ከዚያ ምሽት ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ፣ «እግዜር ያጽናችሁ» ካልኩ በኋላ፣ ስለ ሟቹ አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የሚቆጣ እስካሁን አልገጠመኝም።

ዛሬ ሁለቱም የሉም፤ ምሽጉም ይቁም ይፍረስ አላውቅም። የባላባቱን ስም እንኳ ረስቼዋለሁ። ለልጆቼ ታሪኩን ሳወራ ግን ከበሩ በስተቀኝ እጀምራለሁ፤ አንድ ወጣት ድንጋዩ ላይ ተኝቷል፣ ጓደኞቹም እስኪነቃ እየጠበቁት ነው።