ከድልድዩ ማዶ

ቀጀላ ከመገናኛ ኮተቤ የሚመላለስባት መኪና፣ ተሳፋሪው ከኋላ ፊት ለፊት ተፋጦ ስለሚቀመጥባት «ውይይት» ትባላለች። ሐሙስ ሐሙስ ጋቢናዋን ለማንም አይሰጥም። ወይዘሮ ወርቅአየሁ የካ ሚካኤልን ተሳልመው እስኪመጡ ይጠብቃል። በሩ ከውስጥ ስለማይከፈት፣ ሲሳፈሩም ሲወርዱም ዞሮ የሚከፍትላቸው እሱ ነው።

«የወለደችህ ማኅፀን ትባረክ» ይሉታል። «የሠረቀብርሃን ደብዳቤ ዛሬም አልመጣም።»

ቀጀላ መሪውን አንቆ ይይዛል። ቢረግሙት ይሻለው ነበር።

ልጃቸው ለውትድርና መታፈሱን እንጂ ከየት እንደታፈሰ አያውቁም። በ1977 ጥቅምት፣ መኪናዋ ጢም ብላ ሳለ፣ ሠረቀብርሃን በትርፍ ተሳፍሮ «ቀጀላ፣ ሰው ነው ድርቆሽ የምትጭነው?» እያለ ያስቅ ነበር። ከኮተቤ የሚመጣ ሾፌር መብራቱን ብልጭ አደረገ። ይህ በሾፌሮች ዘንድ ትራፊክ አለ ማለት ነው። ትርፉ ሰው ወርዶ በእግሩ ያልፍና ከትራፊኩ ወዲያ መልሶ ይሳፈራል።

«ውረድ፤ ከድልድዩ ማዶ እጭንሃለሁ» አለው ቀጀላ።

«እንዳትረሳኝ!» ልጁ እየሳቀ ወረደ።

ድልድዩ ላይ የቆሙት ግን ወጣት የሚያፍሱ ታጣቂዎች ነበሩ። መኪናዋ ውስጥ ከሴትና ከሽማግሌ በቀር ስላላዩ አሳለፏት። ቀጀላ እንደ ቃሉ ማዶ ቆመ። በመስታወቱ፣ ልጁ በሁለት ታጣቂ ተይዞ ወደ መኪናዋ ሲያመለክት አየ። ያኔ ነዳጅ ሰጥቶ ሄደ።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ አንድ ሐሙስ፣ እዚያው መንገድ ላይ ሌላ ሾፌር መብራት ብልጭ አደረገለት። ቀጀላ መሀል መንገድ ላይ ፍሬን ያዘ።

«ምነው?» አሉ ወይዘሮ ወርቅአየሁ። «ትራፊክ ይሆናላ! ትርፍ አልጫንክ፣ ሂድ እንጂ።»

«ያን ቀንም ትራፊክ ነው ብዬ ነው ልጅዎን ያወረድኩት።»

ከኋላ ቆርቆሮው ተደበደበ። «ሾፌር፣ ተኛህ እንዴ!»

አሮጊቷ ወደ እሱ ዞሩ።

«ሲይዙት አየህ?»

«አየሁ። እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ… ሄድኩ።»

«በሩን ክፈትልኝ።»

ዞሮ ከፈተላቸው። በእግራቸው ወደ ድልድዩ አመሩ። ድልድዩ ላይ አንድ ትራፊክ ብቻውን ቆሟል። ቀጀላ አልፏቸው ሄዶ ማዶ ቆመ፤ ተሳፋሪው እየሰደበው፣ እሱ የጋቢናውን በር ከፍቶ ጠበቀ።

እሳቸው ደረሱ። ዞር ብለውም ሳያዩት፣ በተከፈተው በር አጠገብ አልፈው የኮተቤን መንገድ ያዙ።