የነከስኩት የባትሪ ድንጋይ

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ እዚሁ ለንደን ውስጥ ነው። ብዙ ዓመት አለፈው፤ ግን የእጅ ባትሪ ባየሁ ቁጥር ፍንጭቴን በምላሴ ሳልዳብስ አላልፍም። ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ያኔ ፓርክ ሮያል የሚባል የፋብሪካና የመጋዘን ሰፈር ውስጥ የቀዘቀዘ ምግብ የሚያከማች መጋዘን ገብቼ፣ በጥገና ረዳትነት የሦስት ወር ፕሮቤሽን ማለትም የሙከራ ቅጥር ላይ ነበርኩ። ካለፍኩ የቋሚነት ደብዳቤ ይሰጠኛል፤ ደብዳቤውን ከማመልከቻዬ ጋር ክሮይደን ኢሚግሬሽን ቢሮ አስገባለሁ፤ አዲስ አበባ የቀረችው ባለቤቴ ስንዱ ትመጣለች። ካላለፍኩ እሷ እዚያው፣ እኔም እዚሁ። ከተለያየን ሁለት ዓመት አልፎን ስለነበር ሌላ ነገር አይታየኝም።

አለቃችን ሞሪን የምትባል ጠና ያለች ጃማይካዊት ነበረች። በመጀመሪያው ቀን፣ "የራስህን የሥራ ባትሪ ይዘህ ና" አለችኝ። እኔ አገር ቤት አሥር ዓመት ኤሌክትሪክ የሠራሁ ሰው! ባትሪ መምረጥ ማን ሊያስተምረኝ? ስቶክዌል ሰፈሬ ካለ ሱቅ ገብቼ ከሁሉም ትልቁን፣ ሌባ የሚቀጠቀጥበት የሚመስለውን አነሳሁ።

ባለሱቁ፣ "አራት ትልልቅ ድንጋይ ይወስዳል። አራቱም አንድ ዓይነት፣ አራቱም አዲስ ይሁኑ። ቻርጅ ከሚደረገው ጋር እንዳትቀላቅል" አለኝ። "እሺ፣ እሺ" አልኩት። ደግሞ ለድንጋይም ትምህርት ቤት ተከፈተ ብዬ በሆዴ ሳቅኩበት።

ሦስተኛው ወር ሊያልቅ ሲል የባትሪዬ ብርሃን ደከመ። ክፍል የምንጋራው ጋሽ ተካ ደግሞ ለንደን አሥራ አራት ዓመት የኖሩ፣ የማያውቁት ነገር ገና ያልተፈጠረ ሰው ናቸው። ስለ ቪዛ ይጠየቃሉ፣ ስለ ጨጓራ ይጠየቃሉ፣ ባይጠየቁም ይመልሳሉ። አዲስ ድንጋይ ልግዛ ስላቸው ተቆጡ።

"ነፍስ ያለውን ነገር ትጥላለህ እንዴ? ፀሐይ ላይ አስጣው!"

"የቷን ፀሐይ ጋሼ?"

"ታዲያ ሂተሩ ምን ሊሠራ ነው የተሰቀለው?"

እውነታቸውን ነው። አራቱን ድንጋይ ሂተሩ ላይ ደርድረን እንደ በርበሬ አሰጣናቸው። ጠዋት ሁለቱ አብጠው ስላገኘኋቸው እነሱን በአዲስ ተካሁ። ሦስተኛውን፣ አገር ቤት የሬዲዮ ድንጋይ ሲደክም እንደምናደርገው፣ ዳር ዳሩን በፊት ጥርሴ ነክሼ አነቃቃሁት። አራተኛው ጨርሶ እምቢ አለ። ጋሽ ተካ ከቴፓቸው ቻርጅ የሚደረግ ትንሽ ድንጋይ አውጥተው ሰጡኝ። ሰፍቶት ተንቀዋለለ፤ በጋዜጣ ጠቅልዬ፣ ጫፉ ላይ የማስቲካ ብርማ ወረቀት ወትፌ አስገባሁት።

በራ! "አላልኩህም?" አሉ ጋሽ ተካ፣ ራሳቸው የፈለሰፉት ይመስል።

የፕሮቤሽኔ የመጨረሻ ቀን የቀዝቃዛው ክፍል መብራት ጠፋ። ሞሪን ፊውዙን ቼክ ልታደርግ ከፊት፣ እኔ እያበራሁላት ከኋላ ገባን። መሀል ስንደርስ ባትሪዬ ሁለቴ ብልጭ አለና ድርግም። ሞሪን ከአንድ የብረት መደርደሪያ ጋር ተላተመች፤ የአተር ካርቶን በላያችን ተናደ። የወረደብኝን ስድብ አልጽፈውም። ግድግዳ እየዳበስን ስንወጣ እግሯ አብጦ ነበር።

"ያን ነገር ወዲህ በል" ብላ ባትሪውን ተቀብላ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈችው። ሁለት አዲስ፣ አንድ በጋዜጣ የተገነዘ፣ አንድ የተነከሰ። የተነከሰውን አንስታ መነጽሯን አደረገች።

"ይሄን ምን ነከሰው?"

"እኔ እንጃ፤ ሱቁ ነው እንዲህ አድርጎ የሸጠልኝ" አልኩ። ምስኪን ባለሱቅ፣ መምከሩ ሳያንሰው!

ቀና ብላ አፌን አየችና፣ "እስቲ ሳቅ በል" አለችኝ።

እናቴ የቁንጅና ምልክት ነው የምትለው ሰፊ ፍንጭት አለኝ። ድንጋዩ ላይም ሁለት የጥርስ ምልክት አለ፣ መሀላቸው ሰፊ ክፍተት። የግዴን ሳቅኩ። ሞሪን ድንጋዩን አፌ ሥር አስጠግታ አስተያየችው። የስንዱ ፊት ድቅን አለብኝ።

"እኔ ነኝ" አልኩና ከሂተሩ ጀምሮ ሁሉንም ተናዘዝኩ።

ሞሪን አልሳቀችም። "ስለ ባትሪው አላባርርህም። ስለ ውሸቱ ግን ልትታመን የምትችል መሆንህን አንድ ወር ጨምሬ አይሃለሁ" አለችኝ። ያ ወር ሠላሳ ቀን ሳይሆን አንድ ዓመት ሆነብኝ። ለስንዱ በስልክ፣ "ወረቀቱ ዘግይቶ ነው" አልኳት። ድንጋይ ነክሼ ነው ይባላል?

ደብዳቤው ተገኘ፣ ስንዱም መጣች። በሳምንቱ የቴሌቪዥኑ ሪሞት እምቢ ሲላት ድንጋዩን አውጥታ ወደ አፏ ስትወስድ ደረስኩባት።

"እንዳትነክሺው!" ብዬ ጮህኩ።

"ምን ሆነሃል? አንተ አይደለህ እንዴ ያስተማርከኝ?"

ያኔ እውነቱን ነገርኳት። እስክታነባ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመና፣ "ያን ወር ሙሉ በየቀኑ ፖስታ ቤት ተመላልሻለሁ እኮ!" ብላ ድንጋዩን ወረወረችብኝ። ግንባሬን አገኘችው።

ይገባኛል። ንክሻው ዛሬም ያስቀኛል፤ ያ ወር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። እኛ ቤት አሁን ያለቀ ድንጋይ ይጣላል፣ አዲሱም አራቱ አንድ ላይ ይገዛል። ጋሽ ተካ ሊጠይቁን ሲመጡ ግን ሂተሩን ቀድሜ አጠፋለሁ።